ተሸክመውት የሚሻገሩት ቤት

ላንጋኖ ዳር ተቀምጬ፣ ቡናማውን ውኃ ፊት ለፊቴ አድርጌ፣ ግጥሞቼን አንድ በአንድ ወደ ራሴ ጦማር እያሻገርሁ ነው። የባንክ ሠራተኛ ነኝና፣ ግልባጭ የሌለው መዝገብ እንደማይታመን አውቃለሁ። ለግጥሞቼ ግን ይህን ያሰብሁት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያዎቹን በአንድ ነፃ አገልግሎት ላይ ጽፌ ነበር፤ አገልግሎቱ ሲዘጋ አብረው ጠፉ።

ታሪኩ የእኔ ብቻ አይደለም። ቀደም ሲል እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለፊደላችን የየራሱን ኮድ ይሰጥ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን ሲያካትት መንገዱ ተጠረገ። ብዙዎችም ነፃ በሆነው ብሎግስፖት ጎጆ ቀለሱ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ብሎግስፖት በኢትዮጵያ ታገደ። ያኔ አዳማ ተማሪ ነበርሁ፤ በደቂቃ እየከፈልሁ የማነበው ገጽ አልከፈት አለኝ። ስለ ፖለቲካ የጻፈውም ስለ ፍቅር የገጠመውም እኩል ተዘጋበት፤ የሁሉም በር አንድ ነበርና። መንግሥት 264 ድረ ገጾችን መክፈቱ የተነገረው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ በስተሰሜን፣ በዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ ቱሉ ጉዶ የሚባል ደሴት አለ። ትውፊት እንደሚለው፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦቱንና የብራና መጻሕፍቱን ይዘው ወደዚያ ተሻገሩ። መጻሕፍቱን ያተረፋቸው የግንብ ጥንካሬ ሳይሆን የተሸካሚው ትከሻ ነው።

የራስ ጦማርም ትርጉሙ ይኸው ይመስለኛል። የእኔ እጅግ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ግጥም አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል፣ ለሁሉም አንድ ማውጫ፣ በስሜ የተመዘገበ አድራሻ፣ በኪራይ የያዝሁት ትንሽ ሰርቨር። ዳታቤዝ የለውም። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል ሦስት ባይት ብቻ ስለሚይዝ፣ ሺህ ፊደል ያለው ግጥም ከሦስት ኪሎ ባይት ብዙም አያልፍም፤ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል። ሰርቨሩ ቢዘጋ ማኅደሩን ወደ ሌላ እወስዳለሁ፤ አድራሻውን ወደ አዲሱ ሰርቨር አዞራለሁ፤ አንባቢም በለመደው በር ይገባል። እርግጥ ነው፣ የራስ በርም ሊታገድ ይችላል፤ የዓመቱ ክፍያ ከተረሳም አድራሻው ያመልጣል። ግልባጩ ግን በእጄ ነው።

ውድ አንባብያን፣ የጻፋችሁት ካለ ዛሬውኑ ግልባጭ ያዙለት። እኔ ከጠፉት ግጥሞቼ በቃሌ የቀሩትን ሁለቱን እዚሁ ሐይቁ ዳር መልሼ ጻፍኋቸው። ሌሎቹ ግን የሉም።

ቸር ይግጠመን።