ደብዳቤ የሚያድርበት ቤት

ጎንደር ፖስታ ቤት ከማየቷ በፊት ደብዳቤ በሰው እጅ ይሄድ ነበር። መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ አደራ እንደያዘ ለመንገደኛው ሁሉ እያሳየ ይጓዝ ነበር። ደብዳቤ መድረሱ ግን ሁልጊዜ መልስ አያስገኝም። የቋራው ተወላጅ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቆንስል በኩል ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ በተከታዩ የካቲት ለንደን ገባ፤ እዚያም ከመዝገብ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ያለ መልስ ቆየ። የዚህ ዝምታ ጦስ እስከ መቅደላ ጦርነት ደረሰ።

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም ተቋቁሞ በ1901 ዓ.ም የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነ። ፒያሳ ላይ ያለው የጎንደር ፖስታ ቤት ደግሞ የጣሊያን ዘመን ሥራ ነው። ሕንፃው ግን የነገሩ ቅርፊት ነው፤ የአገሩን ልማድ የወሰነው ውስጡ ያለው ሳጥን ነው። ፖስተኛ በር አንኳኩቶ ደብዳቤ አይሰጥም፤ ባለጉዳዩ ሳጥን ተከራይቶ፣ ቁልፍ ይዞ፣ ራሱ ሄዶ ያወጣል። የራሱ ሳጥን የሌለው በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ሳጥን፣ «በእገሌ በኩል» ተብሎ ይጻፍለታል። በ1947 ዓ.ም የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የጀመረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በምርምር ጽሑፎች ላይ የሚታወቀው በፖ.ሣ.ቁ. 196 ነው። የደብዳቤ አድራሻ መንደር ወይም ቤት ሳይሆን የሌላ ተቋም ግድግዳ ላይ ያለች ቁጥር ሆነች።

ኢሜይልም ወደ አገር ሲገባ ይህንኑ መንገድ ይዞ ነው የገባው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያና በ90ዎቹ መጀመሪያ መካከል መንገዱን የከፈተው አሜሪካዊው ቶም ጄኒንግስ በ1984 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ፊዶኔት የተባለ የኮምፒውተሮች መረብ ነበር። አዲስ አበባ በሚገኘው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በዚህ ዘዴ ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ተራ የቢሮ ኮምፒውተር መልእክቶቹን ያጠራቅማል፤ ሰዓቱ ሲደርስ በሞደም ውጭ አገር ደውሎ ያለውን አራግፎ፣ የመጣውን ተቀብሎ ስልኩን ይዘጋል። የዓለም አቀፍ ስልክ ውድነት ያስገደደው ብልሃት ነበር። ዛሬ ቤት ውስጥ የራሱን የኢሜይል ሰርቨር የሚያስነሣ ሰው ምን ያህል ትልቅ ማሽን ያስፈልገዋል የሚለው ጥያቄ ያኔውኑ ተመልሷል፤ ተራ ኮምፒውተር ይበቃል። በጥር 1989 ዓ.ም የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢንተርኔት ሲከፍት ሳጥኑ ወደ ቴሌ ሄደ፤ ቆይቶም ወደ ያሁና ጂሜይል፣ ማለትም ወደ ባሕር ማዶ።

ሳጥኑን ወደ ቤት ለመመለስ፣ ማለትም ኢሜይልን በራስ ሰርቨር ለመያዝ፣ አንዱ መንገድ የተጣሉ ማሽኖች ናቸው። ማይክሮሶፍት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትናንሽ ድርጅቶች ኢሜይልን ጨምሮ ሁሉን በአንድ ሰርቨር የሚይዝ ጥቅል ይሸጥ ነበር፤ የመጨረሻው እትም የ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ድርጅቶች ኢሜይላቸውን ወደ ኪራይ አገልግሎት ሲያዛውሩ ማሽኖቹ ትርፍ ሆኑ። እንዲህ ያለው ሰርቨር ዲስኩ ተጠርጎ ሥርዓተ ክወናው ሊኑክስ፣ የኢሜይል ፕሮግራሞቹ ፖስትፊክስና ዶቭኮት ቢጫኑበት ለአንድ ቤተሰብ ኢሜይል ከበቂ በላይ ነው። ወጪው ሌላ ቦታ ነው፤ 150 ዋት የሚበላ ማሽን ሌት ተቀን ሲሠራ በቀን 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። ያረጀ ዲስክም ሳያስጠነቅቅ ሊሞት ስለሚችል አንድ ዓይነት መረጃ በሁለት ዲስክ ላይ መጻፍ ግድ ይላል። ደጋው በዚህ ላይ የራሱ ጠባይ አለው፦ አየሩ ስለሚሳሳ ማራገቢያው የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል፤ የደባርቅ ብርድ ግን ብዙውን ያካክሳል።

ከሁሉ የሚከብደው መላክ ነው። ታላላቆቹ የኢሜይል አገልግሎቶች ከመኖሪያ ቤት መስመር የሚመጣን መልእክት በጥርጣሬ ያያሉ፤ የመስመሩ ቁጥር (አይፒ አድራሻ) የሚለዋወጥ ወይም ለብዙ ደንበኞች የጋራ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይቀበሉም። ስለዚህ የሚላከው ኢሜይል ቋሚ ቁጥር ባለው የተከራየ ሰርቨር በኩል ያልፋል፤ ያው የድሮው «በእገሌ በኩል» ማለት ነው።

መቀበል ግን የሚፈራውን ያህል አይደለም። መብራት ቢጠፋ የላኪው ሰርቨር መልእክቱን አይጥለውም፤ ሊማሊሞን በጨለማ ላለመውረድ ደባርቅ እንደሚያድር ሹፌር ይዞት ይቆያል፣ ደጋግሞም ይሞክራል። የኢሜይል ደንቡ ላኪው ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲታገሥ ይመክራል። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየው ሲሆን ግን፣ በሞባይል መስመር ላይ ብቻ የቆመ የቤት ሰርቨር በግቢው ውስጥ ያሉትን ስልኮችና ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ማጻጻፉን ይቀጥላል፤ ከውጭ የተላከው ደግሞ ቀኑ ሲያልቅ «አልደረሰም» ተብሎ ወደ ላኪው ይመለሳል።