ሌባ ያልደፈረው መቃብር

ቤጂንግ ለአንድ ቀን የሄደ ጎብኚ መርሐ ግብሩ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ጠዋት ባዳሊንግ ላይ ታላቁን ግንብ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ከከተማዋ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው የሚንግ ነገሥታት መካነ መቃብር ይሄዳል። ግንቡን የማያውቅ የለም። ትልቁ ቁም ነገር ግን ያለው መቃብሩ ጋ ነው።

በሸለቆው 13 ንጉሠ ነገሥታት ተቀብረዋል። ጎብኚው ከምድር በታች ወርዶ የሚያየው ግን ዲንግሊንግ የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1572 እስከ 1620 የነገሡትን የዋንሊን መቃብር ብቻ ነው። ታች ሦስት ትልልቅ ቀይ የሬሳ ሣጥኖች አሉ፤ የንጉሡና የሁለት እቴጌዎች። ሰዉ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። ሣጥኖቹ ግን አምሳያ ናቸው። ዋናዎቹስ የት ገቡ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1950ዎቹ የታሪክ ሊቁና የቤጂንግ ምክትል ከንቲባው ዉ ሃን የንጉሥ መቃብር ይቆፈር ብለው ወተወቱ። አርኪዮሎጂስቱ ሺያ ናይ የሚገኘውን ቅርስ ጠብቀን ለማቆየት አቅሙ የለንም ብለው ተቃወሙ፤ ሰሚ አላገኙም። መጀመሪያ የታሰበው የዮንግሌ መቃብር ቻንግሊንግ ነበር። ዲንግሊንግ የተመረጠው ለሙከራ ነው።

ቁፋሮው በ1956 ተጀመረ፤ በሩ በ1957 ተከፈተ። የወርቁ ዘውድ ዛሬም አለ። ሐሩ ግን አየር ሲነካው ቀለሙ ጠፋ፣ ደርቆ ተሰባበረ። ዋናዎቹ ሣጥኖች እንደ አሮጌ እንጨት ተጣሉ። በ1966፣ በባህል አብዮቱ ጊዜ፣ ቀይ ዘቦች የንጉሡንና የእቴጌዎቹን አፅም አውጥተው አቃጠሉት። ያው አብዮት ዉ ሃንንም አልማረም፤ በ1969 እስር ቤት ሞቱ።

ለ337 ዓመታት ሌባ ያልደፈረውን መቃብር ያጠፋው የሊቃውንት ችኮላ ነው። የአብዮተኞቹን እሳት ማንም ያወግዛል፤ ሐሩን ያበላሸው ግን እሳት አልነበረም። ጊዜው ሳይደርስ የተከፈተ በር ነው።

ከዚያ በኋላ ቻይና የነገሥታትን መቃብር ለጥናት ብላ መክፈት አቆመች። ለሙከራ ያልተመረጠው ቻንግሊንግ እስካሁን ዝግ ነው። ጎብኚው ከላይ ያለውን አዳራሽና ግዙፍ የእንጨት ምሰሶዎቹን አይቶ፣ ከበስተጀርባው ያለውን ጉብታ ከሩቅ ተመልክቶ ይመለሳል። ብዙው ሰው “እዚህማ ምንም የሚታይ የለም” ይላል። ከሁለቱ መቃብሮች ሀብቱን ለልጅ ልጅ ያቆየው ግን እሱ ነው።