መንግሥትና ሸማቂ በጣና ዙሪያ፦ የድርድርና የእርቅ ታሪክ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉት አገሮች፣ በጎጃም፣ በቤጌምድርና በደምቢያ፣ መንግሥት ከሸፈተ ሰው ጋር መደራደሩ ለረጅም ዘመን የአገር ወግ ነበር። በግብር፣ በርስት ወይም በሹመት ተበደልኩ ያለ ሰው መሣሪያውን ይዞ ጫካ ይገባል፤ ገዢው ጦር ይልክበታል፤ ጦሩ ሳይሆንለት ሲቀር ሽማግሌ ይልክበታል። ለዚህ ሥራ የሚመረጡት የደብር አለቆች፣ መነኮሳትና ቃላቸው የሚከበር የአገር ሽማግሌዎች ነበሩ። ሽፍታው ለመግባት ሲስማማ ምሕረቱ በመሐላ ይጸናል፤ መሐላውን የሚያፈርስ ሁሉ እንዲወገዝ ካህናቱ ይገዝታሉ። ጥፋቱን ያመነ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ገዢው ፊት ይቀርባል። ሥርዓቱ ለተራ ሽፍታ ብቻ የተበጀ አልነበረም፤ በ1870 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገብሩ ድንጋይ ተሸክመው ቀርበዋል።

የሐይቁ ገዳማትም በዚህ ወግ ውስጥ ድርሻ ነበራቸው። ዳጋ እስጢፋኖስን የመሰሉ ደሴቶች የነገሥታት አፅምና ቅርስ የሚጠበቅባቸው፣ ጦርነት ሲነሳ ንብረት የሚሸሽባቸው ስፍራዎች ናቸው። ገዳም ገብቶ የተማጸነን ሰው በኃይል ማውጣት ነውር ስለነበር፣ አሳዳጁ እስኪበርድ፣ ተሳዳጁም እስኪያስብበት ድረስ ለሽማግሌ የሚሆን ጊዜ ይገኝ ነበር።

ፖለቲከኞች ከታጠቁ ቡድኖች ጋር ሊነጋገሩ ይገባል ወይ የሚለው ክርክር ዛሬ በባሕር ዳር እንደ አዲስ ይነሳል። የአካባቢው ታሪክ ለክርክሩ የሚሰጠው መልስ ጠቃሚ ነው። ንግግር በየዘመኑ ነበረ፤ ድርድሮቹን የሚለያያቸው የሰጡት ነገር ነው። አንዳንዶቹ ለመሪው ሹመት ሰጡ፣ ሌሎቹ መሪውን ለተከተለው ሕዝብ ቅሬታ መልስ ሰጡ። የሁለቱ ዕድሜ እኩል ሆኖ አያውቅም።

የሁለተኛው ዓይነት ጥንታዊ ምሳሌ የአፄ ሱስንዮስ ፍጻሜ ነው። ጎርጎራን ጨምሮ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ቤተ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ያሠሩት እኚህ ንጉሥ የካቶሊክ ሃይማኖትን የመንግሥት ሃይማኖት ለማድረግ በመነሳታቸው በየአቅጣጫው ዓመፅ ተነሳባቸው። ብርቱው የላስታው ነበር፤ መሪውም መልክአ ክርስቶስ ይባላል። በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ዓመፀኞቹን ድል አደረጉ፤ በጦር ሜዳው ላይ የወደቁት ግን በሺህ የሚቆጠሩ የራሳቸው ገበሬዎች ነበሩ። ከድሉ በኋላ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀደመ እምነቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ ሥልጣናቸውንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። በወጉ የተቀመጠ ድርድር አልነበረም፤ አሸናፊው የተሸናፊውን ጥያቄ ተቀበለ። በመላው ኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ያህል ድፍረት የታየበት የፖለቲካ ውሳኔ ጥቂት ነው፤ በሃይማኖት ምክንያት የተቀሰቀሰውን የእርስ በርስ እልቂት ያበረደውም እሱ ነው።

ሹመት በመስጠት የተደረገ እርቅ ምን ያህል እንደሚዘልቅ የሚያሳየው የቋራው ካሣ ኃይሉ ነው። ካሣ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ በሽፍትነት ኃይል ሲያበጅ፣ በጎንደር የነበሩት እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ አሊ ሊያባብሉት ፈለጉ። የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት፤ ቋራንም ሰጡት። ካሣ ግን የሚገባኝን ክብር አላገኘሁም ብሎ እንደገና ሸፈተና የእቴጌይቱን ግዛት ደምቢያን ወረረ። በ1839 ዓ.ም. መነን ራሳቸው ጦር መርተው ሲዘምቱበት ድል ሆነው ተማረኩ። አሁን ድርድሩ በሌላ ሚዛን ተጀመረ፦ ራስ አሊ እናታቸውን ለማስፈታት ለካሣ የደጃዝማችነት ማዕረግና በጣና ምዕራብና ሰሜን ያለውን አገር ለቀቁለት።

ስምምነቱ ለጥቂት ዓመታት ያዘ። በ1845 ዓ.ም. ራስ አሊ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ካሣ ላይ ሲያዘምቱ፣ ጎሹ በጉር አምባ ጦርነት ወደቁ። በዚያው ዓመት ካሣ በጎርጎራ አካባቢ ሌላ ድል አገኘ፤ በሰኔም አይሻል ላይ ራስ አሊን አሸንፎ የየጁ መሳፍንትን የበላይነት አስወገደ። በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከዚህ ታሪክ ሊወሰድ የሚችለው የቅርብ ትምህርት ለሽፍታ ምሕረት ማድረግ ስህተት መሆኑ ነው። ትምህርቱ ግን ጉዳዩን በሙሉ አያይም። በእነዚያ ድርድሮች ሁሉ ስለ ደምቢያ ገበሬ አንድ ቃል አልተነሳም፤ አገሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ጉርሻ ነበር፤ የሚዘርፈውም የሚያስገብረውም ያው ወታደር ነበር። ሰላሙ በሁለት ሰዎች መተማመን ላይ ብቻ የቆመ ስለነበር፣ መተማመኑ ሲያልቅ አብሮ አለቀ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማዕከላዊው መንግሥት አውሮፕላንና መደበኛ ጦር ሲያገኝ ሽማግሌ የመላክ ትዕግሥቱ እያነሰ ሄደ። ደብረ ታቦርን መናገሻ አድርገው ቤጌምድርን የሚገዙት ራስ ጉግሣ ወሌ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ላይ ሲነሱ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ተገደሉ። ከውጊያው በፊት አውሮፕላን በሠራዊታቸው ላይ የውግዘት ወረቀት በተነ፤ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ የጎጃሙ አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በተሰጣቸው ሹመት ቅር ተሰኝተው ከመንግሥት ጋር ተጣሉ፤ ከግጭት በኋላ እጃቸውን ሰጡ፤ የሞት ፍርዱ ወደ እስራት ቢለወጥላቸውም ከእስር ለማምለጥ በመሞከራቸው በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። የእሳቸው መሰቀል በጎጃም ሰው ልብ ውስጥ ለመንግሥት ቃል ያለውን አመኔታ ክፉኛ ጎዳው።

ይህ ቁስል ሳይሽር ነው የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች ዓመፅ የመጣው። በዚያ ዘመን ባሕር ዳር የአዲሱ ልማት ማሳያ ነበረች። ከጣሊያን በተገኘ የጦርነት ካሣ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ የተሠራው ፖሊቴክኒክ፣ እንዲሁም የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ጣቢያ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ሥራ ጀምረዋል። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ግን የሚገኘው ገበሬ ከመንግሥት የሚያውቀው ግብር ሰብሳቢውን ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ግምት የሚያወጡት ሰዎች ማሳ ለማሳ መዞራቸው ለጎጃሜ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፦ መሬቱ ሊለካና ርስቱ ሊወሰድ ነው። ሥጋቱ መሠረት አልባ አልነበረም። ገበሬው ከዚያ ቀደምም የመሬት ልኬትን በመሣሪያ ተቃውሞ፣ ግብሩ በቀድሞው ልማድ እንዲቀጥል ማድረግ ችሎ ነበር። በዚህ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በጭካኔና በምዝበራ ይከሰሱ ነበር።

ዓመፁ በሞጣና በቢቸና በርትቶ ወደ ሌሎች አውራጃዎች ተዛመተ። ገበሬዎቹ መሪዎቻቸውን ራሳቸው መረጡ፤ ገማቾችን ከቀበሌያቸው አባረሩ፤ አቤቱታቸውንም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ላኩ። ዘውዱ ይውረድ አላሉም። የጠየቁት ሦስት ነገር ነበር ማለት ይቻላል፦ አዲሱ ግብር ይቅር፣ ርስታችን አይነካ፣ ፀሐዩ ይነሳልን። መንግሥት መጀመሪያ መልእክተኞችንና መርማሪዎችን ላከ፤ ሳይሳካለት ሲቀር ፖሊስና ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም መንደሮችን ደበደበ። ቤት ተቃጠለ፣ ከብት አለቀ፣ ሰው ሞተ። ዓመፁ ግን አልጠፋም።

በመጨረሻ አፄ ኃይለ ሥላሴ መልስ ሰጡ። ደጃዝማች ፀሐዩን አንስተው ደጃዝማች ደረጀ መኮንንን ሾሙ፤ ግብሩን የማስከፈሉ ሥራ ቆመ፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ከዓመፁ መሪዎች ማንም ደጃዝማች አልሆነም፤ ለማንም ግዛት አልተቆረሰም። የተመለሰው ጥያቄው ነው፤ ገበሬውም ወደ እርሻው ገባ። ይህ ውሳኔ ቦምብ ከመጣሉ በፊት ሊወሰን ይችል እንደነበር ግልጽ ነው፤ ገበሬዎቹ በመጨረሻ ያገኙት መጀመሪያ በአቤቱታ የጠየቁትን ነበርና። የጎደለውም መነገር አለበት። መንግሥት ዳግመኛ እንዲህ ያለ አዋጅ ከማውጣቱ በፊት ገበሬውን የሚጠይቅበት መንገድ አልተበጀም፤ ለሞተውና ለተቃጠለው ካሣ አልተከፈለም፤ ፀሐዩም ተጠያቂ ሳይሆኑ ወደ ከፋ ተዛወሩ።

ደርግ በአንጻሩ ለመነጋገር የተነሳው አብዛኛው ምርጫ ካመለጠው በኋላ ነው። በ1981 ዓ.ም. መላ ትግራይን ለቆ ከወጣ በኋላ በ1982 ዓ.ም. በሮም ከሕወሓት ጋር ንግግር ጀመረ። ንግግሩን ካሰናከሉት ጉዳዮች አንዱ ማን ይቀመጥ የሚለው ነበር፤ ሕወሓት አጋሩ የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ኢሕዴን) እንዲካፈል ሲጠይቅ ደርግ አልቀበልም አለ። ያ ያልተፈለገ ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር በሰሜን እየተዋጋ ነበር። በየካቲት 1983 ዓ.ም. ሕወሓትና ኢሕዴን የመሠረቱት የኢሕአዴግ ጦር ጎጃምንና ጎንደርን ለመያዝ ሲዘምት ባሕር ዳርም በእጁ ገባች፤ ኢሕዴን በኋላ ብአዴን ተብሎ ከዚያችው ከተማ ሆኖ ክልሉን ለብዙ ዓመታት አስተዳደረ። ግንቦት ላይ የለንደኑ ጉባኤ ሲከፈት የሚደራደሩበት ነገር አልቀረም ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የመጣው ለውጥ የምሕረትን በር በሰፊው ከፈተ። የምሕረት አዋጅ ወጣ፤ እስረኞች ተፈቱ፤ ኤርትራ የነበሩ የታጠቁ ድርጅቶች፣ አርበኞች ግንቦት 7ን ጨምሮ፣ ወደ አገር ገቡ። ምሕረቱ ተገቢ ነበር፤ ብዙ ቤተሰብም አንድ አድርጓል። ነገር ግን ተመላሾቹ ምን ይሆናሉ፣ መሣሪያቸውስ በማን እጅ ይቀመጣል፣ ያስሸፈታቸው የወሰንና የማንነት ጥያቄ የት ይታያል ለሚሉት ጉዳዮች የተበጀ ሥርዓት አልነበረም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልሉ ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ባሕር ዳር ውስጥ ተገደሉ። መንግሥት ድርጊቱን የመራው በምሕረት ተፈትቶ የክልሉ የሰላምና ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ የሆነው ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ ነው አለ፤ እሱም ከሁለት ቀን በኋላ ተገደለ። ከዚያ በኋላ ምሕረትን የሚጠራጠሩ ሰዎች ይህን ቀን እንደ ማስረጃ ይጠቅሳሉ። ይሁንና የዚያ ሰሞን ጉድለት በምሕረቱና በሹመቱ መሐል መሠራት የነበረበት ሥራ አለመሠራቱ ነው።

ባሕር ዳር በእነዚህ ዓመታት የአፍሪካ የሰላም ውይይት ከተማም ነበረች። የጣና የከፍተኛ ደረጃ የአፍሪካ ጸጥታ ፎረም በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. የተጀመረው በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ የፎረሙን ቦርድ ለዓመታት የመሩት የቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ናቸው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፎረሙ በባሕር ዳር ተሰብስቦ በተበተነ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ኦባሳንጆ በሸምጋይነት የመሩት የፌዴራል መንግሥትና የሕወሓት ድርድር በፕሪቶሪያ በስምምነት ተቋጨ። ስምምነቱ የሁለት ዓመቱን የትግራይ ጦርነት አስቆሟል፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ትልቅ ምስጋና ይገባዋል። ከጠረጴዛው ዙሪያ ግን የአማራ ክልል ራሱን ችሎ አልተወከለም፤ የአማራና የትግራይ ክልሎች የሚወዛገቡበትን የወልቃይትን ጉዳይ የሚነካው አንቀጽም በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል ብሎ አለፈው። በጦርነቱ ከመከላከያ ጎን የተሰለፈው የአማራ ታጣቂ ኃይል፣ ፋኖ፣ ስምምነቱን በጥርጣሬ ተመለከተው።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ የተላለፈው ውሳኔ ጥርጣሬውን ወደ ተቃውሞ ለወጠው። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁ በጥር ተራዝሞ አሥር ወር ያህል ቆየ። የመከላከያና የፋኖ ውጊያ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ ሲካሄድ፣ የሐይቁ ዳር ከተሞች በሰዓት እላፊና በመንገድ መዘጋት ኖሩ። አልነጋገርም የሚለው ቃል በሁለቱም ወገን ይሰማ ነበር። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ቃል እንዴት እንደሚለሰልስ የሰሜን አየርላንድ ታሪክ ያሳያል፦ የብሪታንያ መንግሥት ከአይ.አር.ኤ. ጋር አልነጋገርም እያለ በድብቅ መልእክት ይለዋወጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈረመው ስምምነት ከዚያ ድብቅ መንገድ የተወለደ ነው። መንግሥት ከኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ጋር በታንዛኒያ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ያለ ስምምነት ቢለያይም፣ መቀመጥ እንደሚቻል ራሱ አሳይቷል።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተካሄደ የሰላም ጉባኤ 15 አባላት ያሉት የአማራ ክልል የሰላም ካውንስል አቋቋመ። ካውንስሉ መንግሥትና የፋኖ ኃይሎች ተኩስ አቁመው እንዲነጋገሩ ጥሪ አቀረበ። ሥራው በመልኩ የጥንቱን ሽማግሌ ይመስላል፤ ሁኔታው ግን ከጥንቱ ይከብዳል። ሽማግሌው በቀድሞው ዘመን አንድ ሽፍታና አንድ ገዢ ያስታርቅ ነበር፤ የፋኖ ቡድኖች ግን በየአካባቢው የተለያዩ አዛዦች ነበሯቸው፤ ጦሩን የሚያዘው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን ካውንስሉ የተቋቋመው በክልል ደረጃ ነበር። ግዝቱና መሐላው ይሰጡት የነበረውን ዋስትና ዛሬ ሊሰጥ የሚችለው ሁለቱም ወገን የሚቀበሉት ታዛቢ ነው፤ እሱም ከጉባኤው የተመረጡት ሽማግሌዎች ሥልጣን ውጭ ነበር።