ኤም-ፔሳ ከናይሮቢ ተነስቶ ድሬዳዋ እስኪደርስ

በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ለሚመላለስ ነጋዴ ዕቃው በመኪና ይጫናል፤ ጭንቀቱ የገንዘቡ ነው። በወገብ ታጥቀን ወይም ለሾፌር አደራ ሰጥተን የላክንበትን ዘመን ብዙዎቻችን አንረሳውም። ኬንያውያንም ቢሆኑ ገጠር ላሉ ወላጆቻቸው የሚልኩት በአውቶቡስ ሾፌር፣ በዘመድ ወይም በፖስታ ቤት ነበር።

ይህን የለወጠው የናይሮቢው ሳፋሪኮም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ሙከራ ተጀመረ። ሐሳቡ አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሰዎቹ ግን ከብድሩ አልፈው ገንዘቡን እርስ በርስ መላላክ ጀመሩ። ኩባንያው የገበያውን ፍላጎት ተከተለ፤ በማርች 2007 ኤም-ፔሳ ለሕዝብ ተከፈተ። «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው።

ብዙውን ሥራ የፈጠረው የኩባንያው ቢሮ አልነበረም። ወኪሎቹ ናቸው። ስኳርና ሳሙና የሚሸጥ ባለ ሱቅ መጠነኛ ገንዘብ አስቀምጦ ተቀባይና ከፋይ ሆነ፤ ከእያንዳንዱ ዝውውር ኮሚሽን ያገኛል። ገንዘብ ሊያወጣ የመጣ ሰው ደግሞ ዳቦም ገዝቶ ይሄዳል።

በእኛ በኩል ስልክ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በመንግሥት እጅ ነበር። በሜይ 2021 ሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን የመጀመሪያውን የግል ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ቮዳኮምና የጃፓኑ ሱሚቶሞም ነበሩበት። ፈቃዱ ግን የሞባይል ገንዘብን አልያዘም ነበር፤ በዚያው ወር ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። ሳፋሪኮም በኦገስት 2022 ከድሬዳዋ ተነሳ፤ በኦክቶበር አዲስ አበባ ደረሰ። ኤም-ፔሳ ፈቃዱን ያገኘው በሜይ 2023 ሲሆን በኦገስት ሥራ ጀመረ። ማማ ተካይ፣ ሲም ሻጭ፣ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛና ወኪል የሆኑ ኢትዮጵያውያን እንጀራቸውን ከዚሁ አገኙ።

ለእኛ ለነጋዴዎች አንድ ነገር ይታወቅ። ስሙ በድንበሩ ግራና ቀኝ አንድ ቢሆንም ገንዘቡ አንድ አይደለም። የብሩን ሂሳብ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ የሽልንጉን የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ይቆጣጠራል። ስለዚህ ዕቃ ከመዋዋላችን በፊት ክፍያው በየትኛው ገንዘብና በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ እንጠይቅ። የኤም-ፔሳ ታሪክ የሚያስተምረን ግን ተስፋም አለው፤ መጀመሪያ መንገዱን ያሳዩት እርስ በርስ ገንዘብ የተላላኩት ተራ ሰዎች ነበሩ፤ ኩባንያው የተከተለው እነሱን ነው።