«ሞላው» እና «ያዘ»፦ የዕድሜ ቃላት በአርሲ ደጋ

የአንድን ሰው ዕድሜ ከተወለደበት ቀን ተነሥቶ ማስላት ለተርጓሚ የመቀነስ ሥራ ብቻ መስሎ ይታየዋል። ይሁን እንጂ ከጭላሎ ግርጌ ያለው የአሰላ ደጋ ከአንድ በላይ የሆኑ የዘመን አቈጣጠሮች ጐን ለጐን የሚኖሩበት አገር በመሆኑ፣ ስሕተቱ ከቍጥሩ ይልቅ ከቃሉ እንደሚነሣ በግልጽ ያሳያል።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። «ዕድሜ» በግእዝ የተቀጠረ፣ የተወሰነ ጊዜ ማለት ነው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ የሚነገረው «ኡምሪ» ደግሞ ከዐረብኛው «ዑምር» የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ መኖርን ያመለክታል። ሁለቱ ዛሬ አንዱ ለሌላው ይተካሉ፤ በመነሻቸው ግን አንዱ ቀጠሮውን፣ ሌላው ኑሮውን ያያል።

ከገዳ ሥርዓት የሚመጡት ቃላት ግን እንዲህ በቀላሉ አይተኩም። በአርሲ ብርመጂ፣ ሮበሌ፣ ቡልቱማ፣ ሆራታና በሃራ የሚባሉት ምድቦች በየ8 ዓመቱ ሲፈራረቁ ዙሩ በ40 ዓመት ይገጥማል። ታዲያ ብዙዎች «የዕድሜ እርከን» እያሉ ይተረጕሙታል። አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናታቸው ስለ ቦረና እንዳስረዱት ግን የልጅ ቦታ የሚወሰነው ከአባቱ ቦታ ተቈጥሮ እንጂ ከልደቱ ቀን አይደለም። በአንድ ምድብ ሕፃንና ሽማግሌ ሊገናኙ ይችላሉ። ቦረናዎች ራሳቸው የዕድሜ እኩዮችን ስብስብ «ሀሪያ»፣ የትውልዱን ምድብ «ሉባ» ብለው ለይተውታል። እኛ ለሁለቱ አንድ ቃል መስጠታችን የሚያስመሰግን አይደለም።

የልደት ቀን በጽሑፍ ባልያዘ ቤት ልደት በታሪክ ይቈጠራል፤ ጣሊያን የገባበት 1928፣ የወጣበት 1933፣ የገጠር መሬት የታወጀበት 1967 ዓ.ም. የታወቁ ምልክቶች ናቸው። አንድ አዛውንት «ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ላይ ተወለድሁ» ቢሉ ተርጓሚው ምን ይጽፋል? 1933ን አንድ ብሎ የሚጀምር 1934 ይላል፤ ከ1933 ቀጥሎ የሚጀምር 1935 ይላል። ዓመቱን 1934 ነው ብንል እንኳ፣ ወሩ ኅዳር ስለሆነ ወደ ጎርጎርዮሳዊው ለመለወጥ የሚደመረው 7 እንጂ 8 አይደለም፤ ልደቱ በ1941 እ.ኤ.አ. ይውላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 እንደሚደመር የሚዘነጋ ሰው አንድ ዓመት ያዛባል።

የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። የአሰላው ተወላጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በይፋ የተመዘገበ ልደቱ ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. (18 ኤፕሪል 1973 እ.ኤ.አ.) ነው። በባሕረ ሐሳብ ስልት 5500 ሲደመርበት 7465 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ ዘመነ ማቴዎስ ነው። 7465 ላይ መጠነ ራብዒቱን 1866 ደምረን ለ7 ብናካፍል ምንም አይተርፍም፤ መስከረም 1 ሰኞ ዋለ ማለት ነው። ሚያዝያ 10 ከዚያ 219 ቀን ይርቃልና ረቡዕ ይውላል።

ኃይሌ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡03፡59 የሮጠው መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. (28 ሴፕቴምበር 2008 እ.ኤ.አ.) ነበር። በእኛ አቈጣጠር 2001 ሲቀነስ 1965፣ 36 ይሆናል፤ ሚያዝያ ግን ገና አልደረሰም። ስለዚህ 35 ሞልቶት 36 ይዟል። በጎርጎርዮሳዊው ስሌቱ ያለ ማስተካከያ 35 ይመጣል። የልደቱን ዓመት ከእኛ፣ የውድድሩን ከእነርሱ የወሰደ ጸሐፊ ግን 43 ብሎ ያትማል። በጨረቃ አቈጣጠር ብናሰላው ደግሞ ዓመቱ 354 ወይም 355 ቀን በመሆኑ 36 ይሞላል።

«36 ያዘ» ሐሰት አይደለም፤ «36 ሞላው» ግን ሐሰት ነው። የሕዝብ ቈጠራ የሚፈልገው የሞላውን ነው። በ1976ቱ ቈጠራም ሆነ ከዚያ ወዲህ በ0ና በ5 በሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ የታየው ክምችት ብዙ ሰው በግምት እንደሚመልስ ያሳያል። የወሳኝ ኵነቶች ምዝገባ በአዋጅ ቍጥር 760/2004 ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ዕድሜ ለረዥም ጊዜ በነዚሁ ቃላት እየተነገረ ይቈያል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በቅጾች ላይ «ዕድሜ» ብቻ ማለት ቀርቶ «የሞላ ዕድሜ» ሊባል፣ ከ«የትውልድ ዘመን» ጐንም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሊጻፍ ይገባል። «የልደት በዓል» የሚለውን ለተራ ሰው ስንጠቀም ከታኅሣሡ ልደት ጋር እንዳይምታታ ብዙዎች «የልደት ቀን» ማለትን መርጠዋል፤ እኔም እቀበለዋለሁ።