ማውጫው የመዘገበውና ያስቀረው፦ የፋይል ፍለጋ መሣሪያዎች ታሪክ

በኮምፒውተር ውስጥ ፋይል የመፈለግ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የፍጥነት ታሪክ ሆኖ ይተረካል፤ መዛግብቱን ጎን ለጎን ስንመረምር ግን እያንዳንዱ ፍጥነት የራሱ ዋጋ እንደተከፈለበት እንረዳለን።

የመጀመሪያው ዘመን የዩኒክስ ስርዓተ ክወና ነው። የኬን ቶምሰን ሥራ የሆነው የጽሑፍ መፈለጊያ ፕሮግራም ግሬፕ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው የዩኒክስ መመሪያ አራተኛ እትም ውስጥ ይገኛል። ጽሑፉን በየጊዜው መስመር በመስመር ስለሚያነብ መልሱ የዚያችን ሰዓት እውነት ይናገራል፤ ፋይሎቹ በበዙ ቁጥር ግን ያስጠብቃል። ጄምስ ዉድስ በ1983 ያቀረበው ዘዴ የፋይል ስሞችን አስቀድሞ በታመቀ ዝርዝር አሰፈረ። መልሱ ፈጠነ፤ ሆኖም ዝርዝሩ ከተዘጋጀ በኋላ የተፈጠረው ፋይል አይገኝበትም፣ ይዘትም አይመረመርበትም።

ሁለተኛው ዘመን እንዲህ ባለው አስቀድሞ በተዘጋጀ ዝርዝር፣ ማለትም በማውጫ፣ ይዘትንም ያሰፈረ ነው። ጉግል ዴስክቶፕ በኦክቶበር 2004፣ የአፕል ስፖትላይት ደግሞ በኤፕሪል 2005 ወጡ። ሰነድና ኢሜይል በአንድ ጥያቄ መገኘታቸው ትልቅ እመርታ ነበር፤ ያው ማውጫ ግን የባለቤቱን ምስጢር በአንድ ቦታ አከማቸ። ጉግል በፌብሩዋሪ 2006 የፋይሎችን ጽሑፍ ወደ ራሱ ሰርቨሮች ገልብጦ ከሌላ ኮምፒውተር ለመፈለግ የሚያስችል አማራጭ ሲያቀርብ፣ የዲጂታል መብት ተሟጋቾች ማስጠንቀቂያ ያሰሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ምንጮቹ የሚጋጩት ከዚህ በኋላ ነው። ማይክሮሶፍት በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ የራሱን ፍለጋ ሲያካትት፣ ጉግል ይህ ፍለጋ በቀላሉ እንደማይዘጋና ከሌላ ማውጫ ጋር ሲሠራ ኮምፒውተሩን እንደሚያዘገይ ለአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት አቤት አለ። ማይክሮሶፍት አቤቱታውን መሠረተ ቢስ ቢለውም፣ ተጠቃሚው የወደደውን የፍለጋ ፕሮግራም እንዲመርጥ ለማድረግ በጁን ተስማማ። ስምምነቱን ጥፋትን እንደማመን ልንቆጥረው አንችልም፤ አቤቱታው ክብደት እንደነበረው ግን ያመለክታል። ጉግል በሴፕቴምበር 2011 ጉግል ዴስክቶፕን ሲያቋርጥ በምክንያትነት ከጠቀሳቸው አንዱ ፍለጋ በየስርዓተ ክወናው ውስጥ መካተቱ ነው። በ2007 እንደ ጉዳት የቀረበው ነገር በ2011 እንደ እድገት ተቆጠረ፤ የመጀመሪያው የተፎካካሪ፣ ሁለተኛው ከሜዳው የሚወጣ ድርጅት ቃል በመሆኑ እያንዳንዱን በተነገረበት ሁኔታ መመዘን ይገባናል።

በአማርኛ ሰነዶች ላይ ለሚሠራ አጥኚ ይህ ታሪክ ቅርብ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በተለያዩ የፊደል ፕሮግራሞች የተተየቡ ጽሑፎች ዛሬ በዩኒኮድ አማርኛ ሲፈለጉ አይገኙም፤ በስካነር የተነሣ ገጽም ጽሑፉ ተለይቶ ካልወጣ ለማውጫው ሥዕል ብቻ ነው። ስለዚህ የፍለጋው ባዶ መልስ ሰነዱ እንዳልተመዘገበ እንጂ እንደሌለ ማስረጃ ሊሆነን አይችልም።