በጉም ያለፏት ከተማ

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በነበረበት ዘመን የማርክ ትዌይንን «ሃክልቤሪ ፊን» ያላነበበ ተማሪ ከእኔ ክፍል በሰላም አይወጣም ነበር። ታዲያ በየዓመቱ ከኋላ ወንበር አንዱ ብድግ ይልና ያቺኑ ጥያቄ ይደግማታል። «መምህር፣ ጂም ከባርነት ለማምለጥ ከሆነ ምን ያደክመዋል? ወንዙን ተሻግሮ ኢሊኖይ አይገባም? ኢሊኖይ ባርነት የለም ብለውን የለ?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መጽሐፉን ላላነበበ በአጭሩ ልንገር። ልጁ ሃክና ከአሳዳሪው የኮበለለው ጂም በግንድ ታንኳ ሚሲሲፒን ቁልቁል ይወርዳሉ። ሐሳባቸው የኦሃዮ ወንዝ ከሚሲሲፒ የሚገናኝባት ካይሮ የምትባል ከተማ ደርሰው፣ ታንኳዋን ሸጠው፣ በእንፋሎት መርከብ ኦሃዮን ሽቅብ ወጥተው ባርነት ወደሌለበት አገር መግባት ነው። በጉም ሌሊት መንገዱ ይጠፋቸዋል። በኋላ አንድ ማለዳ ጠራ ያለው የኦሃዮ ውሃ ከዳር፣ ጭቃማው ሚሲሲፒ ከመሃል ሆኖ ሲያዩ ከተማዋን እንዳለፏት ይገባቸዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞ ሁሉ ወደ ባርነቱ አገር እምብርት ነው።

እኔም ለጠያቂዬ «ሕጉ የኮበለለን ለጌታው መልሱ ይል ነበር፤ ባሪያ አዳኞችም ኢሊኖይ ድረስ ይዘልቁ ነበር» እልና አልፋለሁ። መልሱ ስህተት አልነበረም። ግን ካይሮ ራሷ ምን ዓይነት ከተማ እንደሆነች አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለእኔም ለተማሪዎቼም የወረቀት ከተማ ነበረች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴንት ሉዊስ ከሚኖር የእህቴ ልጅ ዘንድ በእንግድነት ሄድኩ። ልጁ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ካይሮን ማየት እፈልጋለሁ ስለው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እዚያ ምን አለ ብለህ ነው? እኔ በአጠገቧ ስንቴ እንዳለፍኩ አልቆጥረውም፤ ገብቼባት ግን አላውቅም።» ይሁን እንጂ እንግዳ ነኝና በዕረፍት ቀኑ በቤት መኪናው ወሰደኝ። ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ስሟ ነበር። የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ «ካይሮ» ስል አንዲት ጠና ያሉ ሴት በትሕትና «ኬሮ» ብለው አረሙኝ። እዚያ የሚኖር ሰው እንደዚያ ነው የሚላት። ስሙን ያወጡት ሰዎች የሁለቱን ወንዞች ለም መሬት ከአባይ ወንዝ አገር ጋር አመሳስለው ነው፤ የደቡብ ኢሊኖይ ጫፍ «ትንሿ ግብፅ» ይባላል፤ በአቅራቢያዋ ቴብስም ካርናክም የሚባሉ መንደሮች አሉ። የፈርዖን እንጂ የእስራኤል ልጆች ነገር ትዝ ያላቸው አይመስልም።

ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ለከተማዋ የመጀመሪያው ኩባንያ በ1818 ቢቋቋምም ወዲያው ከሰመ። በ1837 ሌላ ኩባንያ ተነሣና ቦንዱን ለንደን ድረስ ወስዶ ሸጠ። በሥዕል ላይ ታላቅ ከተማ፣ መሬት ላይ ረግረግ ነበር። ቻርልስ ዲከንስ በ1842 በዚያ ሲያልፍ ያየው በጅምር የቀሩ ቤቶችንና ወባን ነው። በጉዞ ማስታወሻው ያወረደባት እርግማን ሳያንሳት፣ በ«ማርቲን ቸዝልዊት» ውስጥ ያለችው ኤደን የተባለች የማታለያ ከተማ አምሳያዋ ኬሮ እንደሆነች ይነገራል። አንዲት ትንሽ ከተማ በሁለት እንዲህ ባሉ ደራሲዎች እጅ መግባቷ ዕድል ይሁን መከራ አላውቅም።

ዲከንስ ግን አልሰመረለትም። በ1850ዎቹ ባቡር ገባ፤ በ1860 የሕዝቧ ቁጥር 2,188 ደረሰ። በዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ ጄኔራል ግራንት መምሪያውን እዚያ አደረገ፤ በ1862 መጀመሪያ የደቡብን በር የሰበረበት ዘመቻም የተነሣው ከኬሮ ነው።

የተማሪዬ ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ጂም አለፋት እንጂ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከባርነት ያመለጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ኬሮ ደርሰዋል። ጦሩ ካምፕ አቋቁሞላቸው ነበር። ብዙዎቹ ከዚያ አልፈው ሲሄዱ ጥቂት የማይባሉት ደግሞ ቀሩ። በ1853 የወጣው የኢሊኖይ ሕግ ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚመጣ ጥቁር እንዳይሰፍር ይከለክል ነበር፤ የተሻረው በ1865 ነው። ባርነት የለም ማለትና ና ግባ ማለት ለየቅል ናቸው። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ።

ከተማዋ አደገች። በ1920 የተቆጠረው ሕዝብ 15,203 ነበር፤ ከዚያ በላይ ወጥቶ አያውቅም። በ1960 9,348፣ በ2000 3,632፣ በ2020 ደግሞ 1,733። ግራንት ሲመጣ ከነበረው ያነሰ ማለት ነው። ዋናውን የንግድ ጎዳና በእግሬ ስሄድ ከቆሙት የጡብ ሕንፃዎች ባዶው ቦታ ይበዛ ነበር።

ምን ነካት? የተለመደው መልስ ድልድይ ነው። በ1889 በኦሃዮ ላይ የባቡር ድልድይ ሲሠራ ዕቃና ሰው የሚያሻግሩት ጀልባዎች ሥራ አጡ። በ1929ና በ1930ዎቹ መጨረሻ የመኪና ድልድዮች ተከተሉ። በ1978 ደግሞ አውራ ጎዳናው ከተማዋን ወደ ጎን ትቶ አለፈ፤ የእህቴ ልጅ ገብቶባት የማያውቀው በዚህ ነው። እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ኦሃዮን ትንሽ ሽቅብ ሲሉ ፓዱካ አለች፤ ሚሲሲፒን ሽቅብ ሲሉ ኬፕ ጂራርዶ። ሁለቱም የእንፋሎት መርከብ ልጆች ናቸው። ፓዱካ እንዲያውም በ1937 ጎርፍ ተጥለቅልቃ፣ ኬሮ በዚያው ጎርፍ ተርፋለች። በ2020 ቆጠራ ፓዱካ ከ27 ሺህ፣ ኬፕ ጂራርዶ ከ39 ሺህ በላይ ሰው ነበራቸው። አንዷ የአቶም ፋብሪካ፣ ሌላዋ ዩኒቨርሲቲ ማግኘታቸው እንደረዳቸው አያጠራጥርም። ድልድይ ብቻውን ግን ከተማ አይገድልም።

በኅዳር 1909 ዊልያም ጄምስ የተባለ ጥቁር ሰው አንዲት ነጭ ወጣት ገድለሃል ተብሎ ተያዘ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከሸሪፉ እጅ ነጥቆት፣ ዋናው ጎዳና ላይ ባለው የከተማዋ ጌጥ በሆነ ቅስት ላይ፣ አምፖሎቹን አብርቶ ሰቀለው። ገመዱ ሲበጠስ በጥይት ደበደቡት። በዚያው ሌሊት ሚስቱን ገድሏል የተባለ አንድ ነጭ እስረኛም አውጥተው ሰቀሉ። ጋዜጠኛዋ አይዳ ቢ. ዌልስ ከቺካጎ መጥታ ምስክር አሰባሰበች፤ ገዥው ፊት ቆማ ተከራከረችና ሸሪፉ ወደ ሹመቱ ሳይመለስ ቀረ።

በ1962 ደግሞ ወጣቶች በነጮች ብቻ በሚዋኙበት የመዋኛ ገንዳ ደጃፍ ተንበርክከው ጸለዩ። ከመካከላቸው አንዱ ኋላ የኮንግረስ አባል የሆነው ጆን ሉዊስ ነው፤ ዳኒ ላየን ያነሣው ያ ፎቶግራፍ የንቅናቄው ፖስተር ሆኗል። የገንዳው ባለቤቶች ጥቁር ከሚዋኝበት ቢዘጋ ይሻላል አሉና ዘጉት። በኋላም በኮንክሪት ተሞላ። የዚያን አገር የሐምሌ ሙቀት ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ የነጮቹም ልጆች አብረው ከሰሩ።

በ1967 ሮበርት ሃንት የሚባል የ19 ዓመት ጥቁር ወታደር ለፈቃድ መጥቶ በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ተሰቅሎ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን ገደለ አለ፤ ጥቁሮቹ አላመኑም። ቃጠሎና ተኩስ ተከተለ፤ ብሔራዊ ዘቡ ገባ፤ ነጮቹም «ነጭ ባርኔጣዎች» የተባለ የታጠቀ ቡድን አቋቋሙ። በ1969 ጥቁሮቹ የማይቀጥሯቸውን ሱቆች ላለመገብየት አደሙ። አድማው ዓመታት ቆየ። ብዙ ባለሱቆች አንድ ጥቁር ሻጭ ከሚቀጥሩ ሱቃቸውን መዝጋት መረጡ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ጥላቻው አይደለም፤ ጥላቻ የትም አለ። የሚገርመኝ ነጋዴ የገዛ ትርፉን ለጥላቻ ሲከፍል ነው።

ከተማዋ ዙሪያዋን በጎርፍ መከላከያ ግንብ ታጥራለች፤ በሰሜን በኩል የሚያስገባው መንገድ ላይ ጎርፍ ሲመጣ ቁልቁል የሚለቀቅ ግዙፍ የብረት በር አለ። በግንቦት 2011 ውሃው ከግንቡ ሊያልፍ ሲል፣ የጦሩ መሐንዲሶች ማዶ ሚዙሪ ያለውን ግድብ በፈንጂ አፈነዱ። ወደ 130 ሺህ ኤከር የእርሻ መሬት ተጥለቅልቆ ኬሮ ዳነች። ከዚያ ቀደም የሚዙሪ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ እርሻው ይጥለቅለቅ ወይስ ኬሮ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ኬሮ ብሎ መልሶ ነበር፤ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያ ውሃ ከጠፉት መካከል ፒንሁክ የምትባል የጥቁር ገበሬዎች ትንሽ መንደር አለችበት። ኬሮ ስትድን የሰመጠችው እሷ ነች።

ከስድስት ዓመት በኋላ መንግሥት ራሱ የሚያስተዳድራቸውን ሁለት የመኖሪያ ሰፈሮች ሊያድሳቸው እንደማይችል ተናግሮ ነዋሪዎቹ እንዲለቁ አዘዘ፤ ከ180 የሚበልጡ ቤተሰቦች። በ2023 ነዋሪዎች በኅብረት የምግብ ሱቅ ሲከፍቱ ለዓመታት ሱቅ አልነበራቸውም።

ወደ ማታ ወንዞቹ ከሚገናኙበት አፍንጫ ላይ ቆምን። መጽሐፉ እንደሚለው ነው፤ ሁለት ቀለም ውሃ ጎን ለጎን ይሄዳል። እዚያ ቦታ ላይ የበለጠውን ውሃ የሚያመጣው ኦሃዮ ነው፤ ከዚያ በታች ግን ስሙ ሚሲሲፒ ብቻ ይባላል። ለአባይ ልጅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከኦሃዮ የወጣ ገፊ ጀልባ ረጅም የጭነት ጀልባ ሰልፍ እየገፋ ቀስ ብሎ ታጠፈና ወደ ደቡብ ወረደ። አልቆመም።

መኪና ውስጥ ስንገባ የእህቴ ልጅ «ለመሆኑ ያ ሰውዬ ነፃ ወጣ?» አለኝ።

«ወጣ። በወንዙ ግን አይደለም፤ አሳዳሪው ስትሞት ተናዛለት ነው። እሱ ሳያውቅ ሁለት ወር አልፎት ነበር።»

«ሁለት ወር ሙሉ ነፃ ሆኖ ሲሸሽ ነበር?»

«ኋላማ ታስሮም ነበር።»

ሞተሩን አስነሣና፣ «እስክንደርስ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለኝ።